ላይብኒዝና የፊደል ለቃሚው ጭንቀት

ከላይ ስድስት ሲደመር አራት፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ በታች ሁለት። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው መልሱ 5 ነው። ያንኑ ለፈተና ወረቀት በአንድ መስመር ስንመታው ግን 6+4/2 ይሆንና መልሱ 8 ይወጣል። ተማሪው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው። መቼም ይህ ያላጋጠመው የሂሳብ መምህር አለ ለማለት ያስቸግራል። በዚሁ ጉዳይ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አብዝቶ ያሰበበት ሰው ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ ነው።

ላይብኒዝ በ1646 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚያው ናቸው) ጀርመን አገር ላይፕዚግ ከተማ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አባቱ እሱ ስድስት ዓመት ሲሆነው ሞቱ። የቀረለት መጻሕፍታቸው ነው። ላቲንን በአብዛኛው ራሱን በራሱ አስተማረ፤ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው በሕግ ዶክተር ሆነ። በ1672 ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ፓሪስ ተልኮ ሳለ ነው ከሆላንዳዊው ሊቅ ሆይገንስ ጋር ተዋውቆ ሂሳብን የምሩን የያዘው።

በጥቅምት 29 ቀን 1675 ማስታወሻው ላይ አንድ አዲስ ምልክት ጻፈ። እስከዚያ ድረስ በአጭሩ የላቲን ቃል ይጽፍ የነበረውን በአንድ ረዘም ያለ ኤስ ተካው፤ ድምር ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል መሆኑ ነው። ዛሬ በካልኩለስ ትምህርት የምናውቀው የኢንቴግራል ምልክት ይኸው ነው።

በ1676 ሃኖቨር ገብቶ የመስፍኑ አማካሪና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። በ1684 ስለ ካልኩለስ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በላይፕዚግ መጽሔት አወጣ። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የኅትመት ስሕተት የበዛበት ስለነበር ያነበቡት ሁሉ ተቸገሩ። ለነገሩ በፊደል ለቃሚው አይፈረድም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተሠራ ነው፤ በእጅ ተለቅሞ በረድፍ ይደረደራል። ክፍልፋይ ሲመጣ፣ ወይም በቁጥሮች አናት ላይ የሚሰመር መስመር ሲኖር ረድፉ ይፈርሳል።

ላይብኒዝ ይህን አልናቀውም። በአናት ላይ በሚሰመረው ፈንታ ቅንፍ፣ ለማካፈል ሁለት ነጥብ፣ ለማባዛት አንድ ነጥብ ይሁን አለ። የመስቀሉን የማባዣ ምልክት ያልወደደው ኤክስ ከሚባለው ፊደል ጋር ስለሚምታታ ነው። በ1708 ያ መጽሔት ይህንኑ አጻጻፍ እንደሚከተል አስታወቀ። (የማካፈያው ምልክት ቃልን ከቃል የሚለየውን የኛን ሁለት ነጥብ ይመስላል። ከዚያ ወሰደው ማለት አይደለም፤ ግን ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ ከተማረው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋዎች ብዙ ዓመት ተጻጽፏል።)

ችግሩ በኮምፒውተርም ዘመን አልጠፋም። የሶፍትዌር መመሪያ የሚጽፍ ሰው አንዱን ጽሑፍ ለወረቀትም፣ ለኮምፒውተር መስኮትም፣ ለስልክም ያወጣዋል። አሥር በሁለት ከፍ ያለው በአንዱ በትክክል ታትሞ፣ በሌላው ሁለቱ ቁልቁል ወርዶ 102 ይሆናል። ቀመሩን በሥዕል መልክ ቢያስገቡት መልኩ አይበላሽም፤ ነገር ግን ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ማብራሪያ ካልተጨመረበት ባዶ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑት የራሱ መጽሐፍ የሙከራ ኅትመት አስከፍቶት በ1978 ቴክ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። በዚህ ዘዴ ጸሐፊው ቀመሩን በአንድ መስመር፣ በትእዛዝ ቃላትና በቅንፍ ይጽፋል፤ ከላይና ከታች መደርደሩ የማሽኑ ሥራ ነው። ቅንፏ እዚህም ገባች ማለት ነው!

የላይብኒዝ መጨረሻ አላማረም። ካልኩለስን ማን ቀድሞ አገኘው በሚለው ክርክር የእንግሊዝ ሳይንስ ማኅበር በ1712 ለኒውተን ፈረደ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራሱ ኒውተን ነበር። ዛሬ ሁለቱም በየፊናቸው እንዳገኙት ይታመናል። አለቃው በ1714 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ሲሄድ እሱን ሃኖቨር ተወው። በኅዳር 14 ቀን 1716 ሞተ፤ ከቤተ መንግሥት ማንም አልቀበረውም። መቃብሩም ከሃምሳ ዓመት በላይ ስም አልተጻፈበትም።

እንግሊዞች በኒውተን ነጥብ፣ የቀረው አውሮፓ በላይብኒዝ ፊደል እየጻፉ መቶ ዓመት ያህል ተለያዩ። በ1812 ካምብሪጅ ውስጥ ባቤጅ፣ ኸርሸልና ፒኮክ የተባሉ ወጣት ተማሪዎች የላይብኒዝን አጻጻፍ ለማስገባት ማኅበር አቋቋሙ። በ1817 ፒኮክ ፈተና አውጪ ሲሆን ጥያቄዎቹን በላይብኒዝ ምልክት አወጣቸው።