ቻርልስ ዳርዊንና በኮራል ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት

እኔ የምኖረው ከባሕር እጅግ በራቀው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። በባዮሎጂ ትምህርት እንስሳት በወገንና በዝርያ ሲደለደሉ ስማር፣ ይህን ድልድል ማን ደክሞ እንዳበጀው ለማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህ ከቻርልስ ዳርዊን ሕይወት ብዙ ሰው የማያነሣውን ክፍል ለአንባብያን በአጭሩ እገልጻለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዳርዊን በ1809 በእንግሊዝ አገር በሽሩዝቤሪ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበሩ ሕክምና እንዲማር ቢልኩት፣ ቀዶ ሕክምና ማየት አልቻለምና ተወው። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ዞረ። በ1835 በቺሌ ጠረፍ፣ በአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር እጅግ ትንሽ ባርናክል አገኘ።

ባርናክል በልጅነቱ ይዋኛል፤ ኋላ ግን በራሱ በኩል ከደንጊያ ወይም ከመርከብ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ምግቡንም በእግሮቹ እየቀዘፈ ይለቅማል። ሊቃውንት ቅርፊቱን አይተው ከቀንድ አውጣ ጋር ቆጥረውት ነበር፤ በ1830 ግን ቶምሰን የተባለ ሐኪም የሸርጣን ዘመድ መሆኑን አስረዳ።

ዳርዊን በ1846 ያን ትንሽ ፍጥረት ሊመረምር ተቀመጠ። ለማወዳደር ሌሎቹንም ማየት ግድ ስለ ሆነበት ሥራው ስምንት ዓመት ፈጀ። ሕመም ያደክመው ነበር፤ በ1851ም የዐሥር ዓመት ልጁ አን ሞተችበት። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም።

ካስቸገሩት አንዶቹ፣ በቀይ ባሕርም እንደሚገኙት ያሉ፣ በኮራል ላይ የሚኖሩት ናቸው። ኮራሉ እያደገ ሥራቸውን ይውጠዋል። ዳርዊን የቅርፊቱ ግድግዳ አንድ ወጥ የሆነውን ፒርጎማ፣ በአራት የተከፈለውን ክሩሲያ ብሎ መደበ። በክሩሲያ ውስጥ ግን ልዩነቱ ቀስ በቀስ የሚሄድ ስለ ሆነ ድንበር ማበጀት አቃተው፤ ብዙዎቹንም በአንድ ዝርያ ሥር አኖራቸው። በ1973 ሮስና ኒውማን ድልድሉን አሻሽለው በብዙ ወገን ከፋፈሉት። ይህም ዳርዊንን አያሳንሰውም፤ ችግሩን ሳይሸሽግ ስለ ጻፈ ተከታዮቹ ከእርሱ ተነሥተዋል።

ሥራው በ1853 የንጉሣዊውን የሳይንስ ማኅበር ሜዳይ አስገኘለት፤ የመጨረሻው መጽሐፍም በ1854 ታተመ። የዝርያን መለዋወጥ በእጁ መርምሮ ስላወቀ፣ በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ጽኑ መሠረት አገኘ። በ1882 ዐርፎ በዌስትሚንስተር ተቀበረ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ስም መሸምደድ ብቻውን ዕውቀት አይደለም። ነገሩን አገላብጦ ማየትና ያልተለየውን አልተለየም ብሎ መጻፍ ግን ዕውቀት ነው።