ከከሰል ጉድጓድ እስከ ነፃ ሕክምና፤ የአናይረን ቤቫን የትግል ሕይወት

በሽታ ድኻና ሀብታም አይለይም ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ካንሰር በከበርቴውም በላብ አደሩም አካል ላይ ሊነሣ ይችላል። በጊዜ ታውቆ መታከሙ ወይም ሥር ሰዶ መግደሉ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኛው ባለው ገንዘብና በሚኖርበት ሥርዓት ነው። ይህንን ሐቅ በገዛ ቤተሰቡ አይቶ ለመለወጥ ከተነሡት የሠርቶ አደሩ ልጆች አንዱ የብሪታንያ የጤና ሚኒስትር የነበረው አናይረን ቤቫን ነው። የሕይወቱ ታሪክ የአንድ ግለሰብ ገድል ብቻ አይደለም። የሕክምና ወጪ በማን ትከሻ ላይ መውደቅ ይገባዋል ብሎ ለሚጠይቅ ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪ ሁሉ አቢይ ትምህርት የያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቫን በ1897 በደቡብ ዌልስ ትረዲጋር በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴቪድ ቤቫን ከሰል ቆፋሪ ነበር። እናቱ ፊቢ አሥር ልጆች ብትወልድም ሁሉም ለአካለ መጠን አልደረሱም። አናይረን በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከመሬት በታች ለሥራ ገባ። ይንተባተብ ስለነበረም በልጅነቱ ብዙ ተንገላታ። እውነተኛ ትምህርቱን የቀሰመው ሠራተኞቹ ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ በ1919 የማዕድን ሠራተኞች ማኅበሩ ለንደን ወደሚገኘው ማዕከላዊ የሠራተኞች ኮሌጅ ላከው። በዚያም ለሁለት ዓመት የማርክሳዊ ኢኮኖሚ ትምህርት ተከታተለ። ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ግን የጠበቀው ሥራ አጥነት ነበር። በ1925 አባቱ በከሰል ብናኝ በተበላ ሳንባ ማቀቀና ሞተ። በሽታው በጊዜው በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ተብሎ ስላልታወቀ ቤተሰቡ ካሣ አላገኘም። ጉልበቱን ለከበርቴው ትርፍ የገበረ ወዛደር ሕመሙን ለብቻው እንዲሸከም ተፈረደበት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የትረዲጋር ሠርቶ አደሮች እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። ከ1890 ጀምሮ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር መሥርተው ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሚያገኘው ደመወዝ ከየፓውንዱ ጥቂት ፔኒ ያዋጣል፤ ሲታመም እርሱም ሆነ ሚስቱና ልጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማሉ። ማኅበሩ በዚህ መዋጮ ሐኪሞችን፣ የጥርስ ሐኪምና ነርስ ቀጥሮ ያሠራ ነበር። በ1920ዎቹ የከተማይቱ ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ተጠቃሚ ሆኖ ነበር። ቤቫንም በማኅበሩ የሆስፒታል ኮሚቴ ውስጥ አገልግሏል። የእኛ አገር እድር ሟችን በክብር ለመቅበር እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ የትረዲጋር ሠራተኞች ሕያዋንን ከሞት ለማትረፍ አዋጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዱን ቤተሰብ የሚያደቅቅ ወጪ ለሺህ ቤተሰብ ሲከፋፈል ቀላል ሆነ።

ከትረዲጋር ውጭ የነበረው ሁኔታ ግን እጅግ የተለየ ነበር። በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ለደመወዝተኛው ሠራተኛ የጠቅላላ ሐኪም አገልግሎት ሰጠ እንጂ ሚስቱንና ልጆቹን አላካተተም። የሆስፒታል ሕክምናም በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ ነበር። በመሆኑም ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የሠራተኛ ሚስት ወደ ሐኪም ከመሄዷ በፊት ስለ ዳቦና ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ግድ ይሆንባት ነበር። ካንሰር ደግሞ የመዳን ዕድል የሚሰጠው ይበልጡን በጊዜ ለደረሱበት ነው። በበጎ አድራጎት ሆስፒታሎች ዘንድ የሕመምተኛውን ኑሮ እየመረመሩ ሊከፍል የሚችለውን የሚወስኑ ሠራተኞች ተመድበው ነበር። በ1939 የካንሰር ሕግ ወጥቶ የአካባቢ መስተዳድሮች ሕክምና እንዲያዘጋጁ ቢታዘዝም፣ በዚያው ዓመት የፈነዳው ጦርነት ሥራውን አሰናከለው። ለጨረር ሕክምና የሚያስፈልገውን ራዲየምና መሣሪያ እንኳንስ አንድ ቤተሰብ፣ አንዲት የሠራተኞች ከተማም በመዋጮዋ ብቻ ልትሸከመው የምትችለው አልነበረም። የመረዳጃ ማኅበሩ ኃይልም ወሰንም ከዚህ ላይ ይታያል።

ቤቫን በ1929 የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1945 ፓርቲው ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ የጤና ሚኒስትርነትን ሥልጣን ሰጠው። ቤቫንም በትንሿ ከተማ ያየውን መርሕ ወደ አገር ደረጃ ከፍ አደረገው። ሕጉ በ1946 ጸደቀ። ከሐምሌ 5 ቀን 1948 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚገኙ 2,688 ሆስፒታሎች በሕዝብ ይዞታ ሥር ሆኑ። ወጪው በዋነኛነት ከአጠቃላይ ግብር እንዲሸፈን ተደረገ። ባለ ገቢው እንደ አቅሙ ይከፍላል፣ ሕመምተኛው እንደ ሕመሙ ይታከማል። የካንሰር ሕክምናም ማዕከላቱ በየክልሉ እንዲደራጁ በር ተከፈተለት።

ድሉ ያለ ትንቅንቅ አልተገኘም። በየካቲት 1948 የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ባካሄደው ድምፅ ከ40 ሺህ በላይ ሐኪሞች ሲቃወሙ የደገፉት 5 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ቤቫን ተቃውሞውን የሰበረው ለከፍተኛ ስፔሻሊስቶች በሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ በግል ከፋይ ሕመምተኞችን እንዲያክሙ በመፍቀድ ነው። ከዚህ ላይ የሥራው ድክመት በግልጽ ይታያል። አሮጌው ልዩ መብት በፊት ለፊት በር ተባርሮ በጓሮ በር ተመለሰ። የግል ትርፍ በነገሠበት ማኅበረሰብ መካከል የተተከለ የሕዝብ አገልግሎት ምን ያህል ዘብ እንደሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ዋናው ፈተናም ብዙ ሳይቆይ ከራሱ መንግሥት መጣ። በአዲሱ አገልግሎት ሕዝቡ ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ችግሩን ይዞ ስለ ወጣ ወጪው ከግምት በላይ ናረ። በ1951 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ሕመምተኞች የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ዋጋ ግማሹን እንዲከፍሉ ወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት ይገኛል የተባለው 13 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ በኮሪያ ጦርነት ሰበብ ለሦስት ዓመት የጦር መሣሪያ ዝግጅት የታቀደው ግን 4,700 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ቤቫን ይህንን ተቃውሞ በሚያዝያ ወር ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ጉዳዩ የመነጽር ጉዳይ አልነበረም። የመርሕ ግድግዳ አንድ ጊዜ ከተሸነቆረ ቀዳዳው መስፋቱ እንደማይቀር ተገንዝቦ ነበር።

የኋላው ታሪክ ትክክለኛነቱን አረጋገጠ። በ1952 በሐኪም ለሚታዘዝ መድኃኒት የአንድ ሽልንግ ክፍያ ተጣለ። ክፍያው በ1965 ቢነሣም በ1968 ተመለሰ። በእንግሊዝ የካንሰር ሕመምተኞች ሁሉ ከዚህ ክፍያ ነፃ የወጡት በ2009 ነው። የቤቫን ትውልድ አገር ዌልስ ደግሞ በ2007 ለሁሉም ሰርዛዋለች። የበጀት ጥበት ግን በዋጋ ብቻ ሳይሆን በወረፋም ይገለጻል። በእንግሊዝ ካንሰር ተጠርጥሮ በአስቸኳይ የተላከ ሕመምተኛ በ62 ቀን ውስጥ ሕክምና እንዲጀምር የተቀመጠው ግብ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ለዓመታት ሳይሟላ ቆይቷል። ነፃ የተባለ ሕክምና በቂ ገንዘብ ካልተመደበለት ለሕመምተኛው በሰዓቱ አይደርስለትም።

ቤቫን ራሱም ከዚሁ በሽታ አላመለጠም። በታኅሣሥ 1959 በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐምሌ 6 ቀን 1960 በጨጓራ ካንሰር በ62 ዓመቱ አረፈ። የመሠረተው አገልግሎት 12ኛ ዓመቱን በደፈነ ማግሥት መሆኑ ነው።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት የብሪታንያ ብቻ አይደለም። በአገራችን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ሲቆይ፣ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ገበሬ ከሕመሙ ሌላ የመንገድ፣ የማደሪያና የወረፋ ዕዳ ተሸክሟል። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከትረዲጋር መዋጮ ጋር አንድ ዓይነት መንፈስ አለው። ጤነኛው ለታመመው አስቀድሞ ይከፍላል። ነገር ግን የትረዲጋር ታሪክ እንደሚያሳየው የመንደር መዋጮ ትኩሳትንና ወሊድን ሊሸከም ይችላል፣ ካንሰርን ግን ለብቻው ሊሸከም አይችልም። ሸክሙ ከመንደሩ በላይ ሲሆን አገር በሙሉ ትከሻውን መስጠት አለበት።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ድርሻ መዋጮን በወቅቱ መክፈል ብቻ አይደለም። ከሕዝብ ግብር ለጤና የሚመደበው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና የት እንደሚውል መጠየቅም የእነርሱ ተግባር ነው። ዋጋ የሚጠየቅበት ጊዜ ሰው ጤነኛ ሳለ እንጂ አልጋ ላይ ሲወድቅ መሆን የለበትም። የከሰል ቆፋሪው ልጅ ሥልጣኑን የለቀቀው ይህንን መርሕ ላለማስደፈር ነበር።