ኢማም አል-ገዛሊ፡ ጥርጣሬን እስከ ጥግ የመረመሩት ዐሊም



ራሱን አግኖስቲክ ብሎ የሚጠራ ተማሪ በካምፓስ መግጠም ዛሬ ብርቅ አይደለም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው ቶማስ ሃክስሊ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ነው። አግኖስቲክ አምላክ አለ ብሎም የለም ብሎም አይቆርጥም፤ ለዚህ የሚበቃ ማስረጃ በእጃችን የለም ብሎ መሐል ላይ ይቆማል። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የዐቂዳ ኪታቦቻችን ስለማንኛውም ነገር ሲጠየቁ አላውቅም ብለው የሚቆሙትን ወገኖች ላ-አድሪያ ብለው ሰይመው ከመቶዎች ዓመታት በፊት ተወያይተውባቸዋል።

በዚህ እትማችን ሕይወታቸውን የምናወሳላችሁ ታላቅ ዐሊም ይህን ጉዳይ ከኪታብ ብቻ አላወቁትም። በራሳቸው ቀልብ ውስጥ ገብቶባቸው ታመውበታል። ያን ሁሉ ደግሞ ሳይደብቁ በእርጅናቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ጽፈውልናል።

የሙት ልጅ ከጡስ

ኢማም አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) የተወለዱት በ450 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1058፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ በምትገኘው በኹራሳን ምድር፣ ጡስ በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ሱፍ ፈትለው እየሸጡ የሚተዳደሩ፣ ራሳቸው ሳይማሩ የዑለማእን መቀማመጫ የሚወዱ ድሃ ሰው እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሊሞቱ ሲሉ ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ደግ ወዳጃቸው ሰጥተው ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ እንዲያስተምሩላቸው ዐደራ አሉ። ያ ወዳጅም ድሃ ነበርና ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ለደረሳ ቀለብ የሚሰጥ መድረሳ ገብተው እንዲማሩ መከራቸው። ኢማሙ በኋላ ይህን ሲያስታውሱ ዕውቀትን መጀመሪያ የፈለጉት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዕውቀቱ ግን ለአላህ ብቻ ካልሆነ እምቢ እንዳላቸው ይናገሩ ነበር ይባላል።

ገና ወጣት ሳሉ ጁርጃን ድረስ ሄደው ተማሩ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች ዘረፏቸው። ሌላውን ትተው ደብተራቸው ብቻ እንዲመለስላቸው ለመኑ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው፤ ደብተር ሲወሰድ አብሮ የሚወሰድ ዕውቀት ምን ዕውቀት ይባላል አላቸው። ደብተሩን መለሰላቸው፤ ነገሩ ግን ከውስጣቸው አልወጣም። ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን ሁሉ በቃላቸው ያዙ። በፈተና ዋዜማ ብቻ ሃንድአውት ለምንገልጥ ለእኛ የዚያ ሽፍታ ነገር ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ ወደ ነይሳቡር ተሻግረው በዘመኑ ወደር ያልነበራቸው ኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ እስኪሞቱ ድረስ፣ ማለትም እስከ 478 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1085)፣ እግራቸው ሥር ተማሩ። በኋላም የሰልጁቆቹ ታላቅ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ዝናቸውን አይቶ በ484 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1091) የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርጎ ሾማቸው። ገና የሠላሳዎቹን አጋማሽ አላለፉም ነበር። ሦስት መቶ ደረሳ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። ያ መድረሳ በዘመኑ ከታወቁት ታላላቅ የትምህርት ቤቶች አንዱ ነው።

ሁለቱ የጨለማ ወራት

ከዚህ ክብር ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። ኢማሙ አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል በተሰኘው ኪታባቸው እንደነገሩን፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ጥያቄ አይለቃቸውም ነበር። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ሲያድግ ያያሉ። ታዲያ እኔ ከወላጅ የተቀበልኩትና እኔው ራሴ ያወቅሁት በምን ይለያል ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ዛሬ ከልዩ ልዩ ክልልና እምነት የመጣን ተማሪዎች አንድ ዶርም ስንጋራ ለብዙዎቻችን የሚመጣው ጥያቄ ነው።

ኢማሙ መልሱን ሲፈልጉ መጀመሪያ መለኪያ አበጁ። የቂን ወይም እርግጠኛ ዕውቀት የሚባለው ምንም የማያናውጠው ነው አሉ። ዐሥር ከሦስት እንደሚበልጥ ያወቀ ሰው፣ አንዱ መጥቶ ሦስት ይበልጣል ቢለውና ለማሳመን በትሩን እባብ ቢያደርግለት፣ በተአምሩ ይደነቅ ይሆናል እንጂ ዕውቀቱን አይጠራጠርም። በዚህ ሚዛን ያላቸውን ዕውቀት ሁሉ መዘኑ።

ከስሜት ሕዋሳት ጀመሩ። ዓይን ጥላን ሲያየው የቆመ ይመስለዋል፤ ቆይቶ ሲመለስ ግን ጥላው ቦታ ለቋል። ዓይን ኮከብን ዲናር አሳክሎ ያያታል፤ የጂኦሜትሪ ስሌት ግን ከምድር እንደምትበልጥ ያሳያል። ዓይን ካታለለ እንግዲህ የሚታመነው አእምሮ ነው አሉ። እዚያም ጥርጣሬው ተከተላቸው። የዓይንን ስህተት ያጋለጠው አእምሮ ከሆነ፣ የአእምሮን ስህተት የሚያጋልጥ ከእሱ በላይ ሌላ ዳኛ እንደሌለ በምን ይታወቃል? ሰው በሕልሙ የሚያየውን ሁሉ እውነት ነው ይላል፤ ሲነቃ ነው ሕልም እንደነበር የሚያውቀው። የንቃታችንስ ሕይወት ከእሱ በላይ ካለ ንቃት አንጻር ሕልም ቢሆንስ?

በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ያህል ቆዩ። በአንደበታቸው አልተናገሩትም፤ በውስጣቸው ግን ምንም ነገር እርግጠኛ ሆኖ አልቀረላቸውም። ማስረጃ ፈልገው ለመውጣት ሞከሩ፤ ሆኖም ማስረጃ ሁሉ የሚገነባው ከመጀመሪያዎቹ የአእምሮ ዕውቀቶች ነው፤ እነሱ ራሳቸው ከተጠረጠሩ በምን ይገነባል? በመጨረሻ ከዚህ በሽታ የወጡት በተደረደረ ማስረጃ አለመሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። አላህ በቀልባቸው ውስጥ ብርሃን ጣለላቸው፤ የአእምሮ መሠረታዊ ዕውቀቶችም እንደገና የሚታመኑ ሆኑላቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢማሙ ከአግኖስቲኩ ጋር አንድ መንገድ አብረው ሄደዋል፤ ሳይመረምሩ አውቃለሁ ማለትን ሁለቱም አይቀበሉም። ኢማሙ ግን ከዚያ አልፈው ሄደዋል። ለሁሉም ነገር ማስረጃ ካልመጣ አልቀበልም የሚል ሰው በዚያ ሚዛን እስከ መጨረሻው ከጸና የሚያጣው ዲንን ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡንም ላቦራቶሪውንም አብሮ ያጣል። በዚያ ሚዛን አምላክን ብቻ ተጠራጥሮ ዓይኑንና አእምሮውን ያለ ጥያቄ የሚያምን ሰው ጥርጣሬውን መንገድ ላይ አቁሞታል። ማንም ሰው ሳያረጋግጥ ያመነው መሠረት አለው። ልዩነታችን ያ መሠረት ምንድን ነው፣ ከየትስ መጣ በሚለው ላይ ነው።

ከብርሃኑ በኋላም ተማሩ

አላህ ፈወሰኝ ብለው ኪታብ አልዘጉም። ከማስተማርና ከመጻፍ በሚተርፋቸው ሰዓት ያለ መምህር የፈላስፎችን መጻሕፍት አነበቡ። ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ዕውቀታቸውን ጠንቅቀው ያዙ፤ ከዚያም አንድ ዓመት ገደማ ሲያሰላስሉበት ቆዩ። መጀመሪያ የፈላስፎቹን ሐሳብ ሳያዛቡ የሚያቀርበውን መቃሲድ አል-ፈላሲፋን ጻፉ። ይህ ኪታብ በላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ሲነበብ ሰዎቹ ኢማሙን ራሳቸውን ፈላስፋ አድርገው እስኪቆጥሯቸው ድረስ ነበር። ከዚያም በተሃፉት አል-ፈላሲፋ በሃያ ነጥቦች መለሱላቸው። የማይስማሙትን ሰው ሐሳብ ባለቤቱ ከሚያስረዳው ባላነሰ ማስረዳት፣ መልስ መስጠት ከዚያ በኋላ፤ በክርክር መድረኮቻችን ላይ የጎደለን ይኸው ነው።

ሳይንስ ለምንማር ለእኛ የሚሆን ሌላም ነገር አለ። በዘመናቸው ዲንን የሚከላከሉ መስሏቸው የፀሐይና የጨረቃን ግርዶሽ ስሌት የሚክዱ ሰዎች ነበሩ። ኢማሙ እንዲህ ዓይነቱን ሰው መሃይም የእስልምና ወዳጅ አድርገው ያዩታል። ስሌቱን ያረጋገጠ ሰው ይህን ክህደት ሲሰማ ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው ዲኑን ነው። ጉዳቱም ከጠላት ከሚመጣው ይብሳል።

የታሰረው ምላስ

ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ከበደ። በ488 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ራሳቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ሳይሆን ለዝናና ለማዕረግ ሆኖ አገኙት። አኼራን ያምናሉ፤ ሕይወታቸው ግን ከዱንያ ጋር ታስሯል። ስድስት ወር ገደማ ዛሬ እወጣለሁ ነገ እወጣለሁ ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፤ ደረሳ ፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። ምግብና ውኃ አልወርድ አላቸው። ሐኪሞችም በሽታው ከቀልብ መሆኑን አይተው ተስፋ ቆረጡ።

ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ከሚበቃው በስተቀር ሀብታቸውን አከፋፈሉ። ወንድማቸው አሕመድ በመድረሳው ተተኩ። መካ እሄዳለሁ ብለው ወጡና ወደ ሻም ሄዱ። ደማስቆ ውስጥ በመስጂዱ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ቀኑን ብቻቸውን ያሳልፉ ነበር። ከዚያ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ወደ ኸሊል፣ ወደ መካና መዲና ተጓዙ። አርባ ክፍል ያለው ኢሕያእ ዑሉሚድ-ዲን የተወለደው በዚህ የብቸኝነት ዘመን ነው። ከኋላ የመጡ ዑለማእ በኢሕያእ ውስጥ ያሉትን ሐዲሶች ፈትሸዋል፤ አል-ሒፊዝ አል-ዒራቂም ደካማውን ከጠንካራው ለይተው አሳይተዋል። ይህ የኢማሙን ደረጃ አያወርድም፤ በዑለማኦቻችን ዘንድ ማክበርና መመርመር አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል።

በ499 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1106)፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ነይሳቡር ላይ ወደ ማስተማር ተመለሱ። የተመለሱት ግን የድሮው ሰው ሆነው እንዳልሆነ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ያኔ ማዕረግ ወደሚገኝበት ዕውቀት ይጠሩ ነበር፣ አሁን ማዕረግን ወደሚያስተወው። በመጨረሻም ወደ ጡስ ገብተው ከቤታቸው አጠገብ መድረሳ ከፍተው ሲያስተምሩ፣ የቡኻሪንና የሙስሊምን ሐዲሶች ሲማሩ፣ በ505 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ወደ አላህ ሄዱ።

ለእኛ

አላውቅም ማለት በዲናችን ነውር አይደለም። ኢማም ማሊክ ለአርባ ስምንት ጥያቄዎች ሠላሳ ሁለቱን አላውቅም ብለው እንደመለሱ ይወራል። ይህ ግን የሚፈልግ ሰው አላውቅም ነው፤ ነገ ሊጠይቅ፣ ሊማር፣ ዱዓ ሊያደርግ ይነሣል። መፈለግ ያቆመ ሰው አላውቅም ሌላ ነው። የኢማሙ ሕይወት የሚያሳየን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ጥያቄ በውስጥሽ፣ በውስጥህ ላደረ እህትና ወንድም የምንለው፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሰሓቦች ለመናገር የሚከብዳቸው ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው አልተቆጡም፤ ያ መክበዱ የኢማን ምልክት መሆኑን ነገሯቸው። ሶላታችሁን አትተዉ፤ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ለሌሎቻችን ደግሞ፣ ጓደኛችን ጥያቄውን ሲያወጣ ካፊር ሆንክ ብለን አናስደንግጠው። የደነገጠ ሰው ጥያቄውን አይተውም፤ እኛን ይተወናል። መልሱን ካላወቅን አላውቅም እንበል፤ ከዚያም አብረነው የሚያውቅ ዘንድ እንሂድ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ የማይናወጥ የቂንንና ኢኽላስን ይወፍቀን። ኢማሙንም በራሕመቱ ይቀበላቸው። ወላሁ አዕለም።