ረቢ ይሁዳ፤ የአይሁድን የቃል ትምህርት የሰበሰበ መምህር

ወንጌልን የሚያነብ ሰው የሽማግሎች ወግ የሚባለውን ነገር ሳያገኝ አያልፍም። ጌታችን ፈሪሳውያንን ስለ እጅ መታጠብና ቍርባን ስለሚባለው ስእለት የወቀሳቸው በዚህ ወግ ምክንያት መሆኑ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 15፣ በማርቆስ ወንጌልም በምዕራፍ 7 ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ያ ወግ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ሥልጣን ተጠብቆ እንደ ኖረ፣ በኋላም በማን እጅ እንደ ተሰበሰበ ለመመርመር የሚደክም ጥቂት ነው። ይህን ነገር ከአንድ ሰው ሕይወት ይልቅ የሚያስረዳ የለምና፣ አይሁድ ስሙን መጥራት ሳያስፈልጋቸው ረቢ ብቻ ብለው የሚያከብሩትን፣ ቅዱሱ መምህራችን እያሉም የሚጠሩትን የረቢ ይሁዳን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የወጉን መነሻ ማወቅ ይገባል። ኦሪት በሰንበት ቀን ሥራ እንዳይሠራ ታዝዛለች፤ ሥራ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ ግን አንድ በአንድ አትዘረዝርም። ሰው ሕጉን ሊፈጽም ሲነሣ ከጽሕፈቱ አጠገብ የሚያብራራ መምህር ያስፈልገዋል። የአይሁድ መምህራን ይህን ማብራሪያ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው አይሉም። ሙሴ በደብረ ሲና ከተጻፈው ሕግ ጋራ በቃል የሚነገረውንም ተቀበለ፤ ለኢያሱ ሰጠው፤ ኢያሱም ለሽማግሎች፣ ሽማግሎችም ለነቢያት፣ ነቢያትም የታላቁ ጉባኤ ሰዎች ለሚባሉት አስተላለፉት ብለው ያስተምራሉ። ከእነርሱም በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተነሡ መምህራን ተቀበሉት፤ የመጨረሻዎቹ ሂሌልና ሻማይ ናቸው። እንግዲህ የወጉ ሥልጣን የቆመው በዚህ ሰንሰለት ላይ ነው። አንድ ቀለበት ቢጐድል የሚከተለው ሁሉ ባለቤት የሌለው ወሬ ይሆናል።

ይህንም አሳብ አይሁድ ሁሉ አልተቀበሉትም። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ እንደሚመሰክረው ፈሪሳውያን በሙሴ ሕግ ያልተጻፈውን ከአባቶች የተላለፈ ሥርዐት ሕዝቡን ያስተምሩ ነበር፤ ሰዱቃውያን ግን የተጻፈው ብቻ ይጠበቅ ብለው ይከራከሯቸው ነበር። ክርክሩን የቈረጠው ጦርነት ነው። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ኢየሩሳሌምን አፍርሰው ቤተ መቅደሱን ባቃጠሉ ጊዜ የሰዱቃውያን ወገን ከመሠዊያው ጋራ ጠፋ። የፈሪሳውያን ትምህርት ግን በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል ይኖር ስለ ነበር ከተማው ሲፈርስ አልፈረሰም። የዘካይ ልጅ ዮሐናን በያብኔ ጉባኤ ዘርግቶ ተማሪዎችን ሰበሰበ።

ሁለተኛው መከራ ከፊተኛው ይልቅ ለትምህርቱ የሚያስፈራ ነበረ። ከ132 እስከ 135 በባር ኮክባ መሪነት የተነሣው ዐመፅ በሮማውያን ተደመሰሰ። በዚያ ዘመን ብዙ መምህራን ተገደሉ፤ ከእነርሱም ታላቁ ዐቂባ አንዱ ነው። የቃል ትምህርት የሚኖረው በሰው ልብ ብቻ ነውና፣ መምህር በተገደለ ቍጥር በውስጡ ያለው መጽሐፍ ሁሉ አብሮ ተቃጠለ ማለት ነው። ረቢ ይሁዳ የተወለደው በዚህ ወራት በ135 ገደማ ነው። አይሁድም የተወለደው ዐቂባ በሞተበት ቀን ነው ብለው ይተርካሉ፤ አንዱ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሌላው ወጣ ማለታቸው ነው።

በትውልዱ ከሂሌል ቤት ነው። አባቱ ስምዖን የአይሁድ ሸንጎ አለቃ ነበረ። የአያቱም አያት በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 5 ስለ ሐዋርያት በሸንጎ የተናገረው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ከእግሩ ሥር ተቀምጦ እንደ ተማረ የመሰከረለት ገማልያል ነው። ስለዚህ የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ከሩቅ ያለ የባዕድ ነገር አይደለም፤ ጳውሎስ ከተማረበት ቤት የወጣ ነው። ይሁዳ በልጅነቱ ከሞት ካመለጡት ከዐቂባ ደቀ መዛሙርት ዘንድ እየዞረ ተማረ። ከጓደኞቹ ይልቅ አእምሮው የተሳለው የታላቁን መምህር የሜኢርን ጀርባ ስላየ እንደ ሆነ፣ ፊቱን ቢያይ ኖሮ ግን ከዚያ ይልቅ ይሳል እንደ ነበረ ይናገር ነበር። ከኋላ ተቀምጦ መስማትና ፊት ለፊት ተቀምጦ መስማት አንድ እንዳልሆነ የጉባኤ ቤት ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአባቱ በኋላ በአለቅነት ተሾመ። ባለጸጋ ነበረ፤ በሮማውያን ሹማምንት ዘንድም ክብር ነበረው። መጻሕፍታቸው እንጦኒኖስ ከሚሉት ንጉሥ ጋራ ስለ ነበረው ወዳጅነት ብዙ ይተርካሉ። መኖሪያው በገሊላ በቤት ሸዓሪም ነበረ፤ በኋላም ስለ ደዌው አየሯ ወደሚስማማው ወደ ጺፖሪ ሄዶ 17 ዓመት ተቀመጠ። በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ዕብራይስጥ ነበረ። ደቀ መዛሙርቱም በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኙ፣ ፍቺያቸው የጠፋባቸውን ቃላት ከቤቱ አገልጋይ አፍ እየሰሙ ይረዱ ነበር።

ሰላም በሆነለት ዘመን ለታላቁ ሥራው ተነሣ። በመምህራኑ ዘንድ በቃል የተሰጠው በጽሕፈት አይነገርም የሚል ሥርዐት ነበረ። ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም፤ መጽሐፍ ለማንም እጅ ይደርሳል፤ ቃል ግን የሚገባውን መርጦ ከሚሰጥ መምህር ዘንድ ብቻ ይገኛል። ይሁን እንጂ መምህራን እያለቁ፣ ተማሪዎችም በየአገሩ እየተበተኑ፣ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማ ይቀር ጀመር። ዐቂባና ሜኢር ቀድሞ ያከማቹት ነበረ፤ ረቢ ይሁዳ ያንን መሠረት አድርጎ ከየመምህሩ የተሰማውን ሰብስቦ፣ አበጥሮ፣ በርእስ በርእሱ ለየው። ይህ ስብስብ ሚሽና ይባላል፤ ትርጓሜውም በመደጋገም የሚጠና ማለት ነው። የተፈጸመውም በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ሚሽና በ6 ታላላቅ ክፍሎች የተመደበ ነው፤ ይኸውም ስለ ዘርና ስለ ዐሥራት፣ ስለ በዓላት፣ ስለ ሴቶችና ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጕዳትና ስለ ፍርድ፣ ስለ ተቀደሱ ነገሮች፣ ስለ ንጽሕና የሚናገር ነው። ዛሬ በሚቈጠርበት አኳኋን 63 ንኡሳን ክፍሎች አሉት። ከላይ ያነሣነው የሰንበት ሥራም በዚሁ 39 ሆኖ ተዘርዝሮአል። የሚያስደንቀው ግን ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ስለ መሥዋዕቱና ስለ ሕንጻው ልክ በዝርዝር መናገሩ ነው። የሚሠዋበት ስፍራ ለሌለው ሕዝብ የመሥዋዕቱን ሥርዐት አስጠና።

ሌላም አስተዋይነት አለበት። ረቢ ይሁዳ የተፈረደውን ብቻ መርጦ ያልተፈረደውን አልጣለም፤ የተሸነፈውን አሳብ ከባለቤቱ ስም ጋራ አኖረው። ሂሌል አባቱ ሆኖ ሳለ የሻማይን ወገን ቃል ከሂሌል ወገን ቃል አጠገብ፣ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ እናገኘዋለን። ለዚህም በዚያው በሚሽና ሁለት ምክንያት ተሰጥቶአል፤ አንደኛው በኋላ የሚነሣ ሸንጎ አይቶ ሊደገፍበት ቢፈልግ እንዲያገኘው ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ አሳብ አዲስ አድርጎ የሚያመጣ ቢኖር ቀድሞ ተሰምቶ የቀረ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ረቢ ይሁዳ ይህን ሁሉ በብራና ጽፎታልን ወይስ በቃል ሥርዐት ሰጥቶ ለሚያጠኑ አስረክቦታል የሚለው ነገር ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሰሜን አፍሪካ በቀይረዋን የነበሩ አይሁድ ሚሽና እንዴት እንደ ተጻፈ በጠየቁ ጊዜ የባቢሎን ሊቅ ሸሪራ በ987 ረጅም ደብዳቤ መለሰላቸው፤ ነገር ግን የዚያ ደብዳቤ ቅጂዎች ራሳቸው በዚህ ነገር አይስማሙም። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሙሴ ማይሞንዮስ ረቢ ይሁዳ ጽፎታል ሲል፣ የፈረንሳዩ ሊቅ ራሺ ግን በዘመኑ አልተጻፈም ብሎአል።

የወግ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ረቢ ይሁዳ በገዛ ቤቱ ተፈትኖበታል። ሜኢር በቤትሳን ዐሥራት ያልወጣለት ጐመን ሲበላ አይቻለሁ የሚል ምስክር ቢመጣለት የዚያች ከተማ አትክልት ከዐሥራት ነጻ ነው ብሎ ፈረደ። ወንድሞቹና የአባቱ ቤት ሰዎች፣ አባቶቹ የከለከሉትን እንዴት ይፈቅዳል ብለው ተነሡበት። እርሱም ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናሱን እባብ መስበሩን አሳሰባቸው፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ጻድቃን ነገሥታት አሳና ኢዮሣፍጥ ሳይሰብሩት መቅረታቸው ለሚመጣው ልጅ የሚሠራበት ቦታ ሲተዉለት እንደ ሆነ፣ ለእርሱም አባቶቹ እንዲሁ ቦታ እንደ ተዉለት አስረዳቸው። በዚህ ፍርድ የአባቶች ሥልጣን አልተናቀም፤ የታመነ መምህር ሥራ በምስክር ተረጋግጦ ነው የፈረደው። አደራ ተቀባይም የተሰጠውን ማወቅ እንጂ እንደ ዕቃ መሸከም ብቻ በቂው እንዳይደለ አሳየ።

ነገር ግን የሕግ ዕውቀት የሚያመጣው ፈተና ለእርሱም አልቀረለትም። በረኃብ ዘመን ጐተራውን ከፍቶ መጻሕፍትንና ሚሽናን የተማሩ ይግቡ፣ ያልተማሩ አይግቡ ብሎ አዘዘ። የዐምራም ልጅ ዮናታን የሚባል ደቀ መዝሙሩ ራሱን ሰውሮ ገባ፤ ተምሮ እንደ ሆነ ሲጠየቅም አለመማሩን ተናግሮ፣ እንደ ውሻና እንደ ቍራ ያበላው ዘንድ ለመነው። ረቢ ይሁዳ አበላው፤ ከሄደ በኋላ ግን እንጀራውን ላልተማረ ሰው ስለ ሰጠ አዘነ። ልጁ ስምዖን፣ ያ ሰው ከሕግ ክብር መጠቀምን የማይወድ ዮናታን ሳይሆን አይቀርም አለው፤ ቢመረምሩም እርሱ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሁሉም ይግቡ ብሎ በሩን ከፈተ። ጌታችን የሽማግሎችን ወግ የነቀፈበት ነጥብ ይኸው ነው፤ ሕጉን እንዲጠብቅ የተሠራው አጥር ባልንጀራን ከእንጀራ የሚከለክል ግንብ ሲሆን ነው። ረቢ ይሁዳም የተመሰገነው ግንቡን ባለመሥራቱ አይደለም፤ ሠርቶት ነበርና በማፍረሱ ነው።

ይህንኑ የመሰለ ሌላ ታሪክ ይነገራል። ለመታረድ የሚነዳ ጥጃ ሸሽቶ በልብሱ ውስጥ ራሱን ቢሸሽግ፣ ለዚህ ተፈጥረሃልና ሂድ ብሎ ሰደደው። ስላልራራለትም 13 ዓመት በጽኑ ሕመም ተቀጣ ይላሉ። በኋላ አገልጋዩ ቤት ስትጠርግ ያገኘቻቸውን የአውሬ ግልገሎች ጠርጋ ልታወጣ ስትል፣ የእግዚአብሔር ምሕረት በፍጥረቱ ሁሉ ላይ መሆኑን አስቦ እንድትተዋቸው አዘዛት፤ ሕመሙም ተወው። ጥጃ መታረዱ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የተወቀሰበት የሕግ ስሕተት ሳይሆን የርኅራኄ ማነስ ነው።

ያረፈው በ220 ዓ.ም. ገደማ በጺፖሪ ነው። መሞቱ በቀረበ ጊዜ ልጆቹን ጠርቶ እናታቸውን እንዲያከብሩ፣ መብራቱም በቦታው እንዲበራ አዘዘ። ገማልያል አለቃ፣ ስምዖን መምህር እንዲሆኑ፣ የሐማ ልጅ ሐኒናም በጉባኤው ራስ እንዲቀመጥ ሥርዐት ሰጠ። ዐሥሩን ጣቶቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በሕግ ትምህርት እንደ ደከመባቸው፣ በትንሿ ጣቱ እንኳ የራሱን ደስታ እንዳልፈለገ መሰከረ ይላሉ። የተቀበረውም በቤት ሸዓሪም ነው። በዚያ ስፍራ ከ1936 ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ ብዙ የዋሻ መቃብሮች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም በአንደኛው የረቢ ስምዖንና የረቢ ገማልያል ስሞች ተጽፈው ይታያሉ።

ከእርሱ በኋላ የተነሡ መምህራን ሚሽናን እየተረጐሙ በገሊላ የኢየሩሳሌም የሚባለውን፣ በባቢሎንም የባቢሎን የሚባለውን ታልሙድ አዘጋጁ። የተቃወሙትም አልጠፉም፤ ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀራውያን የተባሉት ወገኖች የተጻፈው ሕግ ብቻ ይበቃል ብለው ተለዩ። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ከካህናቶቻቸውና ከሽማግሎቻቸው በቃል የተቀበሉትን ሥርዐት እየጠበቁ ሲኖሩ ሚሽናንና ታልሙድን አያውቁም ነበር። በ1984ና በ1985፣ ደግሞም በ1991 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ ከረቢዎች ሕግ ጋራ ተገናኝተው ስለ ጋብቻና ስለ ካህናቶቻቸው ሥልጣን ብዙ ክርክር አግኝቶአቸዋል። ይህም ሁለት የቃል ወግ በአንድ ኦሪት ላይ ሊቆም እንደሚችል ያሳያል።

እኛ የረቢ ይሁዳን ሚሽና እንደ ቅዱስ መጽሐፍ አንቀበልም። ነገር ግን ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ከመምህር አፍ የተቀበልን ነንና ድካሙ ይገባናል። የአንድምታችን ትርጓሜ በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ ይልቁን በቃል ሲወርድ የኖረ ነው፤ አንድም እያለ ልዩ ልዩውን ፍቺ ጐን ለጐን ማኖሩም ከዚህ ሰው ልማድ የራቀ አይደለም። ገና ያልተጻፈ ስንት ነገር በሽማግሎች መምህራን ልብ ውስጥ አለ! እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ መምህሩ ሳለ ፊቱን አይተን እንማር፤ የሰማነውንም ከማን እንደ ሰማነው ጠቅሰን ለሚመጣው እናስረክብ። ዕውቀታችንም በደጃችን ለቆመው ረኃብተኛ የተዘጋ በር እንዳይሆንበት እንጠንቀቅ። ለዚህም ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።