ከወሊሶ በጭነት መኪና ተደብቆ

እኛ ቤት ዓርብ ጧት ጥላሁን ገሠሠ ሳይዘፍን ዳቦ አይጋገርም። እናቴ ስልኳን ከፍታ ከሊጡ ዕቃ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ እሱ ይዘፍናል፣ እሷ ታቦካለች። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከባግሩት ይልቅ ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ ያለ ዕለት ግን ይህችው እናቴ አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ ብላ ቤቱን አናወጠችው። ይህን ስትል ስልኩ ላይ ጥላሁን እየዘፈነ ነበር። እኔ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሷም ትንሽ ቆይታ ሳቀች፤ ወንድሜ ግን አልሳቀም።

የጥላሁንን ሕይወት ማንበብና ትልልቆችን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ድምፁን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰውየውን ግን አላውቀውም ነበር። አንቱ ልለው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ጥላሁንን አንቱ ሲል የሰማሁት ሰው ስለሌለ እኔም እንደ ሁሉ ሰው እሱ እላለሁ።

የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ በምንቆጥረው ሴፕቴምበር 27 ቀን 1940 ማለት ነው። ከተማዋ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት የተመለሱት እሱ ከተወለደ ሰባት ወር ካለፈ በኋላ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ ይባላሉ። በልጅነቱ አያቱ ዘንድ ወሊሶ ተወስዶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። ወሊሶ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አልፎ ነው፤ ከዚህ ከነሸር ቴል አቪቭን ትንሽ እንደማለፍ ቁጠሩት።

ልጁ መዝፈን ይወዳል፣ አያቱ ደግሞ እንዲማር ይፈልጋሉ። አያትየው ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ዘፋኝ ማለት አዝማሪ ማለት ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ለሠርግ ይፈለጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል፤ ልጄ እንደሱ ይሁንልኝ የሚል ግን የለም። ይህን የሚያውቅ አያት የልጅ ልጁን ደብተርህን ያዝ ቢለው ምን ይገርማል? የእኛስ ወላጆች ከዚህ የተለየ ምን ይላሉ?

ጥላሁንን ያበረታታው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበር። ሸዳድ የሚባል ሱዳናዊ ነው። የልጁን ድምፅ ሰምቶ፣ ሙዚቃ ከፈለግህ አዲስ አበባ ሂድ ብሎ መከረው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሱዳን ሲባል ትዝ የሚለን በመንገድና በመጠለያ የቀሩት ሰዎቻችን ናቸው፤ እናቴ ስሙን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል። እናቴ ዓርብ ዓርብ የምትሰማውን ዘፋኝ አይዞህ ብሎ የገፋው አንድ ሱዳናዊ መምህር መሆኑን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች።

ቀጥሎ የአገር ፍቅር ማኅበር ከያንያን ለማሳየት ወደ ወሊሶ መጡ። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወርር በተቃረበ ጊዜ፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬም ቴአትር ቤቱ አለ። ከመጡት መካከል ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ነበሩ። ጥላሁን ኢዮኤልን ቀርቦ ፍላጎቱን አዋየው፤ እሱም እንደ ዳይሬክተሩ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከረው። ለአንድ ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያንኑ ነገር ከነገሩት በቂ ነው።

በእግሩ ተነሣ። እስከ ቱሉ ቦሎ ረጅም መንገድ ነው፤ ከነሸር ተነሥቶ ዓፉላ ገደማ እንደ መድረስ፣ ያውም በአንድ ልጅ እግር። ቱሉ ቦሎ ዘመዱ የሆኑ ሴት ቤት አደረ። ሴትዮዋ ተቀበሉት፣ ከዚያም ለአያቱ አስታወቁ። ማንኛችንም አክስት ያለን ሰዎች ይህ እንደሚሆን እናውቅ ነበር፤ እሱ እንዴት እንዳላሰበው እንጃ። ወደ ወሊሶ መልሰው ወሰዱት። አያቱ ቤት ያደረው ግን አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። ዳግመኛ ወጣ፤ አሁን በእግሩ ሳይሆን በተጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ፣ ቱሉ ቦሎ ላይ ሳይወርድ አዲስ አበባ ገባ።

አገር ፍቅር ቀጠረው። ብዙ ሳይቆይ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ነው፤ ኦርኬስትራው ትሮምፔትና ሳክስፎን ያለው፣ በወታደር ሥርዓት የሚሠራ ነበር። እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ ዜማ ደራሲዎች እዚያ ነበሩ። ለወጣቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥላሁን የሚዘፍነውን አብዛኛውን ግጥምና ዜማ የደረሱለት ሌሎች ናቸው። እኔ ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ግን ደጋግሜ ስሰማው ገባኝ፤ ያንኑ ዜማ ሌላ ሰው ሲዘፍነው ዘፈን ነው፣ እሱ ሲዘፍነው ግን አንድ ሰው ፊት ለፊትህ ቆሞ የራሱን ጉዳይ የሚነግርህ ይመስላል። ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛም ዘፍኗል። እኔ ከግጥሞቹ ግማሹን ያለ እናቴ አልረዳም፤ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል የሚሰማኝን ነገር ግን ማንም ተርጉሞልኝ አያውቅም።

ዕድሜው ሃያ እንደሆነ የታኅሣሥ ግርግር መጣ። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ (ዲሴምበር 1960) የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንጉሡን ለመገልበጥ ሞከሩ፤ አልተሳካም። ጥላሁን የዚያ ጦር ዘፋኝ ነበረና ታሰረ። ከሥነ ሥርዓቱ ሁሉ አስተማማኝ የሚመስለው የመንግሥት ሥራ፣ ዩኒፎርሙና ደመወዙ፣ ነው ወደ እስር ቤት ያስገባው። ከተፈታ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ እሱ በሦስቱም ዘመን ዘፈነ። በሸክላ የጀመረው በካሴት ቀጠለ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡት ቤተሰቦቻችን ብዙ ዕቃ አልያዙም፤ አባቴም ካሴቶቹን ትቶ ነው የመጣው። እዚህ መጀመሪያ ደመወዝ ሲቀበል ከገዛቸው ነገሮች አንዱ የጥላሁን ካሴት ነበር። ቴፕ ግን አልነበረንም፤ ጎረቤት ቤት ሄዶ ነበር የሚሰማው።

በ1993 ጥላሁን አንገቱ ላይ በቢላ ተወጋ። ዘፋኝ ነው፣ ቦታው ደግሞ አንገት ነው። ተረፈ፣ እንደገናም ዘፈነ። በኋለኛው ዘመኑ የስኳር በሽታ ጸናበት፤ በዚሁ ሳቢያ አንድ እግሩ ተቆረጠ፤ በተሽከርካሪ ወንበር መድረክ ላይ ታየ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ከትምህርት ቤት ለጠፋ ልጅ!

ያረፈው ኤፕሪል 19 ቀን 2009 ነው፤ ዕድሜው 68 ነበር። ዕለቱ በኢትዮጵያ ትንሣኤ ነበር፤ የእኛ ፋሲካ ካለፈ ገና አራት ቀኑ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ስልክ መደወሉን፣ እናቴ ቁጭ ማለቷንና አባቴ ሬዲዮ መክፈቱን ነው። የሞተው ዘመዳችን መስሎኝ ለጎረቤት ልጅ አጎቴ ሞተ ብዬ ነገርኩት፤ እነሱም መጥተው አጽናኑን። በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተቀበረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ዓርብ ጧት ለእናቴ አነበብኩላት፤ ወንድሜም ቁጭ ብሎ ሰማ። የጭነት መኪናው ላይ ስደርስ እሱ ፈገግ አለ። እሷ ግን እጇን ከሊጡ አውጥታ ፎጣ ፈለገች፣ ጠረገች፣ ስልኩን ዘጋችው። አያቱ ያን ሌሊት እንዴት አደሩ ብላ ጠየቀችኝ።