ሰር ቪክቶር ሆርስሊ እና የጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና

በእኛ አካባቢ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ ወጣ ብሎ ባሉት ወረዳዎች፣ ወገቡን የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ቀዶ ጥገና ሲባልማ ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራል። ከ140 ዓመት በፊት ብንኖር እኛም በፈራን ነበር፤ ያኔ ጀርባቸው ከተከፈተ ሕሙማን ብዙዎቹ በደም መፍሰስና በቁስል መመረዝ ያልቁ ነበር። ይህን ከቀየሩት አንዱ እንግሊዛዊው ቪክቶር ሆርስሊ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆርስሊ በ1857 ለንደን ውስጥ ከሠዓሊ አባት ተወለደ። በ1886፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላው፣ በለንደን የሽባነትና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆነ።

በሰኔ 1887 አንድ ሕመምተኛ መጣለት። ሰውየው ለሦስት ዓመት ጀርባውን ሲያመው ቆይቶ እግሮቹ ሰልለዋል፣ ሽንቱንም መቆጣጠር አቅቶታል። ሐኪሙ ዊሊያም ጋወርስ ህብለ ሰረሰሩን እጢ ተጭኖታል አለ። ልብ በሉ፣ ራጅ የተገኘው በ1895 ነው! ጋወርስ ቦታውን የገመተው የሚያመውንና የደነዘዘውን አካል እየለየ በመመርመር ነው። ሆርስሊ ከፈተ፤ እጢ የለም። ሌላ አንጓ ጨመረ፤ አሁንም የለም። መቼስ እዚህ ላይ ቁስሉን ሰፍቶ መውጣት ቀላል ነበር። ረዳቱ ቻርልስ ባላንስ ግን ትንሽ ወደ ላይ እንቀጥል ብሎ ገፋፋው፤ ለውዝ የምታክል እጢ ተገኘች። ሰውየው በዓመቱ በእግሩ ይሄድ ነበር። የአንጓ ስህተት ዛሬም የሚያጋጥም ችግር ስለሆነ ሐኪሞች አንጓውን በራጅ ቆጥረው ያረጋግጣሉ።

ሌላው ችግር ደም ነው። አጥንት ሲደማ እንደ ደም ሥር አይቋጠርም። ሆርስሊ በ1892 ያስተዋወቀው መላ የንብ ሰም ከዘይትና ከጀርም መከላከያ ጋር ለውሶ መድፈን ነው። ጎጃም ለጧፍ የሚያውለው ሰም ማለት ነው! የአጥንት ሰም እስካሁን ይሠራበታል፤ ሆኖም ከበዛ አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል፤ ስለዚህ በቁጠባ ነው። ማደንዘዣውን ክሎሮፎርም በግምት መስጠት ሰው ይገድል ስለነበር፣ በልክ እንዲሰጥ ከሠሩትም አንዱ እሱ ነው።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ነው፤ ከሆርስሊ ቀዶ ጥገና 119 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሆርስሊ ክርክር የሚወድ ሰው ነበር፤ መጠጥን አጥብቆ ይቃወም፣ ለሴቶች የመምረጥ መብትም ይሟገት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሜሶፖታሚያ ዘምቶ ለቁስለኞች መድኃኒትና ቁሳቁስ አለመሟላቱን ሲቃወም ቆየ። በሐምሌ 1916፣ በ59 ዓመቱ፣ አማራ በምትባል የዛሬዋ ኢራቅ ከተማ (ስሟ ከእኛ ጋር መግጠሙ ይገርማል) የበረሃው ሙቀት ገደለው።