ሌላኛው መርዶክ

በእኛ ዲፓርትመንት መርዶክ የሚል ስም ሲነሳ ሁሉም ቀድሞ የሚያስበው የሚዲያውን ቱጃር ሩፐርት መርዶክን ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላኛው መርዶክ፣ ስለ ኢያን ነው። ኢያን ጋዜጣም ሆነ ቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረውም። ይሁንና ድረ ገጾችን ተሸክመው ከሚያድሩት ሰርቨሮች ብዙዎቹ እሱ በ20 ዓመቱ በጀመረው ሥራ ላይ የቆሙ ናቸው።

ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1973 ከአሜሪካውያን ወላጆች በምዕራብ ጀርመን ኮንስታንዝ ከተማ ተወለደ። ያደገው አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ሲሆን ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረውም እዚያው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ ሊኑክስ ገና ጨቅላ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት ብቻ ስለሆነ ሌላውን ፕሮግራም ሰብስቦና አዋህዶ ለተጠቃሚ የሚያደርስ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ተሰብስቦ የሚቀርበው ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። ኢያን ይጠቀምበት የነበረው ኤስኤልኤስ የተባለው ዲስትሪቢዩሽን ስህተት የበዛበት፣ የሚያርመውም ያጣ ነበር። ልጁ ታዲያ አማርሮ ብቻ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993 የራሱን እንደሚሠራ አስታወቀ። ስሙንም የፍቅረኛውን የዴብራንና የራሱን ስም ገጣጥሞ ዴቢያን አለው። ዴብራ በኋላ ባለቤቱ ሆናለች።

ችግሩ ምን ነበር? አንድ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ፋይሎቹ እዚህም እዚያም ይበተናሉ። ይጥፋ ሲባል የትኛው ፋይል የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይኼ ይገባዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ካልተቆረጠ ቤቱ የዕቃ ክምር እንጂ ንብረት ክፍል አይባልም።

ለዚህ ነው ኢያን እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ ላይ ዲፒኬጂ የተባለውን መሣሪያ የመጀመሪያ ቅጂ የጻፈው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ታስሮ ይመጣል። ጥቅሉ ስሙን፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና ከሌላ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ዲፒኬጂ ደግሞ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባል። ብዙም ሳይቆይ ኢያን ጃክሰን የተባለ ሌላ ኢያን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዴቢያን 2.1 ላይ አፕት ተጨመረ። አፕት አንድ ፓኬጅ ሲታዘዝ አብረውት የሚያስፈልጉትን ሁሉ ከኔትወርክ አምጥቶ ይጭናል።

ይኼ ሁሉ የሚሠራው በማውስ ሳይሆን ትእዛዝ በመጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተሠራው በዴቢያን ላይ ስለሆነ ትእዛዞቹ እዚያም ያው ናቸው፤ እኔም የሞከርኩት በኡቡንቱ ነው። ዲፒኬጂ ብዬ ሰረዝና ትንሿን ኤል ሳስከትል የተጫነው ሁሉ ከነእትሙ ተዘረዘረልኝ። ትልቋ ኤስ ከፋይል ስም ጋር ስትጻፍ ፋይሉ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ትናገራለች። አፕት ሪሙቭ ፕሮግራሙን አንስቶ የማስተካከያ ፋይሎቹን ይተዋል፤ አፕት ፐርጅ ግን እነሱንም ይጠርጋል። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ልቤን የነካችው ግን ትንሿ ኤስ ናት። እሷ ከፓኬጅ ስም ጋር ስትጻፍ ፓኬጁን የሚንከባከበው ማን እንደሆነ፣ ግለሰብም ይሁን ቡድን፣ ከነአድራሻው ይወጣል። ለካ ባይላይን የጋዜጣ ብቻ አይደለም!

እኛ ዘንድ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጓደኛ ፍላሽ ነው። ማን ነካካው፣ ቫይረስ አለበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምንጭ አጣሩ እየተባልን የምንማር ልጆች ግን ዜና የምንጽፍበት ፕሮግራም ምንጩ ሳይታወቅ ሲጫን ዝም ማለት ያለብን አይመስለኝም። የተሳሳተ ዜና ሲወጣ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ ሁሉ ለፕሮግራምም ተጠያቂ ሊኖረው ይገባል።

ኢያን ሥራውን ብቻውን ይዞ አልቀረም። የፓኬጆቹን ኃላፊነት ለበጎ ፈቃደኞች አከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1996 መሪነቱን ለብሩስ ፔረንስ አስረከበ። ዛሬ የዴቢያንን መሪ አባላቱ በየዓመቱ በድምፅ ይመርጣሉ። እሱ ደግሞ ፕሮጀኒ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገብቶ ሶላሪስን ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ለማቅረብ የታሰበውን ፕሮጀክት ኢንዲያናን መራ፤ በ2015 ወደ ዶከር ተዛወረ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ42 ዓመቱ አረፈ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ራሱን እንዳጠፋ ደምድሟል። በዚያ ሰሞን ብዙ ዘገባዎች ያተኮሩት በመጨረሻዎቹ ሰዓቶቹ ላይ ነበር። የአንድን ሰው ሕይወት በአሟሟቱ ብቻ መጻፍ ግን ግማሽ ዜና ይመስለኛል። የሥራ ባልደረቦቹ ሌላውን ግማሽ አልረሱትም፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 የወጣውን ዴቢያን 9 ለእሱ መታሰቢያ አደረጉት።

እሱ የመጀመሪያውን ሲያስታውቅ እኮ ከእኛ የሚበልጥ አልነበረም። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ያለበት ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ትንሿን ኤስ ይሞክራት፤ ከምንጠቀምበት ፕሮግራም ጀርባ ተጠሪ ሲኖር ምን እንደሚመስል ያያል።